መርፌ ያልነካው ሸክላ

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ያወራኋችሁ ስለ አባቴ ነው። ታዴየስ ባስኮም በቺካጎ አርባ ሰባተኛ ጎዳና ላይ ከአንድ ጫማ ሰፊ ጓዳ ተነስቶ እንዴት የሸክላ ማሳተሚያ ድርጅት እንዳቆመ፣ ሸክላውን በመኪናው ኋላ ጭኖ ከፀጉር ቤት ፀጉር ቤት እያዞረ እንዴት ሰው እንዳስለመደ፣ በሸክላው መሃል የምንለጥፋት፣ ሰማያዊ ሽመላ የተሳለችባት ክብ ወረቀታችን ውቅያኖስ ተሻግራ የማናውቃቸውን የነጭ ልጆች እንዴት ጊታር እንዳስያዘች ነግሬያችኋለሁ። ዘልዬው ያለፍኩት ሌሙኤል ጋዲስን ነው። እኔ ባልፈው እናንተ አላለፋችሁኝም፤ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሾቹ የሚጠይቁት ስለ እሱ ነው። ያን ዘፈን ዘፍኖ፣ አገር ሁሉ ስሙን በሚጠራበት ሰሞን፣ ሰውየው ለምን ድምፁን አጠፋ?

የብሉዝን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች መልስ አላቸው። ከአባቴ ጋር በውል ተጣልቶ ነው ይላሉ። መጠጥ ነው የጣለው የሚልም አለ፤ ሌም ከዝንጅብል ለስላሳ በቀር አንድ ነገር ሲጠጣ አይቼው አላውቅም። አባቴም ብዙ ኃጢአት አለበት፣ ይሄኛው ግን የእሱ አይደለም። ሌሙኤል ጋዲስን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። በክፋትም አይደለም፤ በጥንቃቄ ነው።

በ1954 ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ከመስታወቱ በስተጀርባ ነው። ዘፋኙ ወዲያ ማዶ ማይክራፎኑ ፊት ይቆማል፤ አባቴ ከመስታወቱ ወዲህ ድምፁን ይመጥናል፤ እኔ ከጎኑ እቀርጻለሁ። ዘፈኑ መጀመሪያ የሚያዘው በቴፕ ክር ላይ ነው። ከክሩ ላይ ወደ ለስላሳ ሸክላ የማስተላልፈው እኔ ነኝ፤ ያ ለስላሳ ሸክላ ፋብሪካ ሄዶ በብረት ይገለበጥና ሺህ ሸክላ ይታተምበታል። ለስላሳው ሸክላ አይደመጥም። መርፌ አንዴ ከሄደበት ድምፁ ይሳሳል፤ አስር ጊዜ ከሄደበት ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። አባቴ ይህን ያስተማረኝ በአስራ ስድስት ዓመቴ ነው። የወደድሽውን ነገር ቶሎ አታጫውቺው፣ መጀመሪያ ግልባጭ ያዢለት ይለኝ ነበር። የሥራ ቦታ ሕግ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እኔ ግን ሕጉን ከሥራ ቦታ ይዤው ወጣሁ።

ቤታችን ሳውዝ ፓርክዌይ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ፒያኖ አለ፤ እሁድ እሁድ መዝሙር እጫወትበታለሁ። ያን ቤት የገዛው ብሉዝ ነው፣ እዚያ ቤት ውስጥ ግን ብሉዝ ተሰምቶ አያውቅም። አባቴ ራሱ ያሳተመውን ሸክላ ደጃፉን አያስረግጠውም ነበር። ስቱዲዮውም ላይ ቢሆን ዘፋኞቹ የሚገቡት ሽመላዋ በተሳለችበት የጓሮ በር ነው፤ የፊቱ በር ለጠበቃ፣ ለሬዲዮ ሰዎችና ለእኛ ነው። ማንም ይህን ሕግ ጽፎ አልለጠፈውም፤ ሁሉም ያውቀው ነበር።

ሌም ጠዋት ጠዋት ከብት ቄራው ውስጥ ሥጋ ይሸከማል። ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ተለቃልቆ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ የልብስ ሳሙና እየሸተተ በጓሮው በር ይመጣል። ከሚሲሲፒ፣ ከግሪንዉድ ነው። አርሞኒካውን አፉ ላይ ሲያደርግ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሲጨርስ ይገልጥና መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። መጀመሪያ የመሰለኝ ሰዓቱን የሚያይ ነው፤ ሰዓቱ ከራሴ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አንድ ቀን ሰዓቱ ለጥገና ወረደ። እሱ ማየቱን አልተወም።

መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም። እሱ የሚለው ሁሉ በጆሮ ማዳመጫዬ ይገባል፤ እኔ የምለው ግን አንዲት ቀይ ቁልፍ ካልተጫንኩ እሱ አይሰማውም። አባቴ ስልክ ሊያነጋግር በወጣበት አንድ ከሰዓት፣ ሌም ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ ብሎ በቀስታ ተናገረ።

«ሚስ ባስኮም፣ እኔ የተነፈስኳት ሁሉ እዚያ ትሰማለች አይደል?»

ቁልፏን ተጫንኩ። «ትሰማለች።»

«እርስዎ ግን ካልፈለጉ አይሰሙም።»

«ቁልፏ እኔ ጋ ናት።»

«ይሄማ ግፍ ነው» አለና ሳቀ። «እንግዲያው አንዳንዴ ይጫኑልኝ። ምንም ባይናገሩም።»

ተጫንኳት። ምንም አልተናገርኩም። እሱ ራሱን ዘንበል አድርጎ እስትንፋሴን አዳመጠ፤ እኔም የእሱን። አባቴ ስልኩን ጨርሶ እስኪመለስ ድረስ እንዲያ ቆየን። በሕይወቴ ያን ያህል ያወራሁበት ቀን የለም፤ ጉንጬ እስከ ማታ ድረስ ሲነድ ነበር።

ዓመት ከምናምን በቁልፍ ተዋደድን። እርስዎ ቀርቶ አንቺ መጣ። አንቺ ያለኝ ቀን ከንፈሩ ላይ አይቼ አውቄዋለሁ፤ ድምፁ ጆሮዬ ከመድረሱ በፊት ልቤ ደረሰ። የሚያውቅልን ከበሮ መቺው ሮስኮ ብቻ ነበር። ሮስኮ ከሌም ጋር አንድ ክፍል ይኖራል፤ አፉን የሚይዝ ሰው ነው፣ እኔን ግን ሲያገኘኝ «እሺ እህታችን፣ ዛሬ ስንቴ ተጫንሽ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ያጋለጠን ሰው አይደለም፤ ክሩ ነው። አባቴ በየካቲት አንድ ቀን የተቀዳ ዘፈን ሲያደምጥ፣ በሁለት ዘፈኖች መካከል ሳትቆረጥ የቀረች አንዲት ቃል ሰማ። ስሜ ናት። ሌም ጉሮሮውን ሲጠርግ «ዩዶራ» ብሏል፣ ሌላ ምንም የለም። አባቴ ግን ጆሮ ነበረው፤ በዚያ ጆሮ ነው ድርጅት ያቆመው። መልሶ አጫወታት። ሦስት ጊዜ ሰማት። ከዚያ ሌምን ከመስታወቱ ወዲህ ጠራው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከመስታወቱ ወዲህ ሲጠራው ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

አባቴ አይጮህም። ድምፅ የሚጎዳ ነገር አይወድም። «ጋዲስ» አለው፣ «ድምፅህን አርባ ከተማ ላይ እሸጥልሃለሁ። ባርኔጣህን ግን ቤቴ ውስጥ አልሰቅላትም።»

ሌም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር። «ስለ ባርኔጣዬ አልጠየቅኩዎትም፣ ሚስተር ባስኮም። የምጠይቅዎ ስለ ልጅዎ ነው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ የምትዪው አለሽ?»

ሁለቱም አዩኝ። መስታወት የለም፣ ቁልፍ የለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምንም መጋረጃ ድምፄን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ፊቴ ቆመዋል። የአባቴን ፊት አየሁ፣ ያሳደገኝን ፊት፤ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ከእኔ ሌላ ማንም የለውም። ከአፌ የወጣው ይህ ነው፤ «አባባ፣ አሁን የጀመርነውን ሥራ እንጨርስ።»

ሌም አንገቱን ነቀነቀ፣ ባርኔጣውን አጠለቀ፣ ወደ ማይክራፎኑ ተመለሰ። ማንም ያልሰማውን ዘፈን ጀመረ፤ ሮስኮ ከኋላው እየተደናበረ ተከተለው። ባርኔጣዬን አቀብሉኝ ልሂድ የሚል ሰው ዘፈን ነው። እንግዲህ ያ ነው፣ እናንተ ሁሉ የምታውቁት፣ «ባርኔጣዬን»። አንዴ ነው የተዘፈነው፣ አልተደገመም። አባቴ ስለ ማን እንደሆነ አውቆታል፤ ዓይኑን ከመመጠኛው ላይ አላነሳም፣ አይቼዋለሁ። ሲያልቅ ግን «ይሄ ይወጣል» አለ። አባቴ እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ስድቡንም ቢሆን ጥሩ ከተዘፈነ ያሳትመዋል። እኔ መስታወቱን ይዤ አለቀስኩ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

በሳምንቱ ሌም እናቱ ታማ ወደ ግሪንዉድ ወረደ። ፊደል አልቆጠረም፤ ደብዳቤ አይጽፍም፣ ሰው ቢጽፍለትም ያፍራል። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናቱ መድኃኒት ሊገዛ ሜምፊስ ይወጣ ነበርና፣ አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ካለች ጠባብ ሳጥን ገብቶ ሳንቲም እያጎረሰ ድምፁን ይቀርጽልኝ ጀመር። ያኔ እንዲህ ያሉ ሳጥኖች በየጣቢያው ነበሩ። ሰባ ሰከንድ ይናገራሉ፤ ከመዳፍ ትንሽ የምትሰፋ፣ ወረቀት ላይ ቅብ የተለቀለቀባት ሸክላ ትወጣለች። በፖስታ ለሮስኮ ይልካል፣ ሮስኮ በእጄ ያቀብለኛል።

የመጀመሪያዋን አባቴ ምሳ ሲወጣ ግራሞፎን ላይ አደረግኳት። ስለ እናቱ ሳል፣ ስለ ጎረቤቱ በቅሎ፣ ስለ ናፍቆቱ ነው የተናገረው። አስራ አንድ ጊዜ ሰማኋት። በአምስተኛው ድምፁ መሻከር ጀመረ። በዘጠነኛው በቅሎዋ ጠፋች። በአስራ አንደኛው፣ መጨረሻ ላይ ስሜን የሚጠራበት ቦታ ላይ፣ ከመርፌው ጭረት በቀር ምንም አልነበረም። በስስቴ በላኋት። ያን ቀን የአባቴ ሕግ ትዝ አለኝ፤ የወደድሽውን ቶሎ አታጫውቺው።

ከዚያ በኋላ የመጡትን አራቱን በሕጉ ነው የያዝኳቸው። ሸክላዋ ስትደርስ አልነካትም። የክር መቅጃው ሲለቀቅልኝ፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫወት ወደ ክር እቀዳታለሁ፤ እኔም ያኔ ነው የምሰማት። ክር አይሳሳም። አንድ ቀን ወይ ሁለት ቀን መታገስ ነው። መታገሱንም ወደድኩት፤ ቦርሳዬ ውስጥ ሆና የምትሞቀኝ ነገር ነበረች።

አምስተኛዋን ሮስኮ የሰጠኝ በሚያዝያ፣ ሰኞ ዕለት ነው። እንደ ወትሮው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ያን ሳምንት ግን መቅጃው አልተለቀቀም። አባቴ «ባርኔጣዬን» ለፋብሪካ ሊያዘጋጅ ቆርጦ ተነስቷል። ያለን መቅጃ አንድ ነው፤ ዘፈኑ ከእሱ ላይ ይጫወታል፣ እኔ ከሥሩ ለስላሳውን ሸክላ እቀርጻለሁ። የከበሮው ጉልበት ቀራጩን መርፌ ያስፈነጥረዋል። እንደገና። የአርሞኒካው ጫፍ ይቆረጣል። እንደገና። አባቴ ምሳውን እዚያው ተቀምጦ ይበላል፤ ከወንበሩ አይነሳም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያን ዘፈን ስልሳ ጊዜ ያህል ሰምቼዋለሁ። ሌም በሁለቱ ጆሮዎቼ ውስጥ ስልሳ ጊዜ ባርኔጣዬን አቀብሉኝ አለኝ፤ እውነተኛ ድምፁ ግን ጉልበቴ ላይ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ግራሞፎኑ ማዕዘኑ ላይ ነፃ ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሰባ ሰከንድ ብቻ ነው የሚፈጀው፣ አባቴ መጸዳጃ ቤት ደርሶ እስኪመለስ ይበቃ ነበር። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ቦርሳዬን ከፍቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ መልሼ ዘግቼዋለሁ፣ ድምፁ እንዳይጎዳብኝ።

ረቡዕ ዕለት ሮስኮ በጓሮው በር ብቅ አለ። አባቴ እዚያው ቆሟል። ሮስኮ ዝም ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ፤ እኔም ፈገግ ብዬ ቦርሳዬን መታ መታ አደረግኩለት። ፊቱ በራ። እኔም ለምን እንደዚያ ደስ እንዳለው ሳልጠይቅ ደስ አለኝ።

ሐሙስ ነው የተሳካልን። መርፌው ከዳር እስከ መሃል ሳይዘል ሄደ፤ ሁሉም ነገር ገባ፣ ትንፋሹ ሳይቀር። እንደ ልማዳችን ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው የሸክላው ካርድ ላይ ጻፍኩ፤ «ባርኔጣዬን፣ ሌሙኤል ጋዲስ፣ ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት ከአስር፣ ይሄ ይሂድ።» አባቴ ግንባሬን ሳመኝ። ከየካቲት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ለሁላችንም ጥሩ ዘመን እየመጣ መሰለኝ፤ ይህ ዘፈን ሲወጣ አባባ ይለሰልሳል፣ ሌም በፊት በር ይገባል ብዬ አሰብኩ። እግዜር ይይልኝ፣ በዚያች ደቂቃ ደስተኛ ነበርኩ።

ዓርብ መጠባበቂያውን ሸክላ ስንቀርጽ ዋልን። ቅዳሜ አባቴ ፀጉሩን ሊቆረጥ ወጣ። በሩን ዘጋሁ፤ ክሩን አስገባሁ፤ ትንሿን ሸክላ በጣቶቼ ጫፍ ይዤ አስቀመጥኳት፤ የጆሮ ማዳመጫውን አደረግኩ። ቀይ መብራቱ ሲበራ መርፌውን አወረድኩ።

«ዩዶራ፣ እኔ ነኝ። ሰዓቷ ትሮጣለችና ቶሎ ቶሎ ልበል። እናቴን ቀበርኳት። ከእንግዲህ እዚህ የሚይዘኝ የለም። ዲትሮይት መኪና ፋብሪካ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ክፍልም ተይዞልኛል፣ ሁለት መስኮት አላት። ለአባትሽ ከእንግዲህ አልዘፍንም። ላንቺ ግን ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ እዘፍንልሻለሁ። ይሄን ሐሙስ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ አስራ ሁለተኛው ጎዳና ባቡር ጣቢያ እጠብቅሻለሁ። ትልቁ ሰዓት ሥር ነኝ። በዚያ ጓሮ በር ሦስት ዓመት ገብቻለሁ፣ ከእንግዲህ አልመጣባትም። አንቺ በፊት በር ውጪና ነዪ። ከመጣሽ የዘጠኙን ባቡር አብረን እንይዛለን። ካልመጣሽ፣ ያን ቀን ሥራ እንጨርስ ያልሽው ከልብሽ ነበር ማለት ነው። አልቀየምሽም። ሁለተኛ ግን አላስቸግርሽም። ዩዶራ፣ እባክሽ፣ አንዴ ብቻ ቁልፏን—»

እዚያ ላይ ሰባው ሰከንድ አለቀ። መርፌው መሃል ላይ ደርሶ ይሽከረከር ጀመር፤ ክሩም ዝምታውን እየቀዳ ሄደ። ሐሙስ አለ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን የሐሙሱን ካርድ አየሁት፣ ስምንት ሰዓት ከአስር፣ በራሴ እጅ፣ ባማረ ጽሕፈት። የጮህኩት እኔ መሆኔን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ክሩ ላይ አለ።

ኮቴን ሳልደርብ ሮጥኩ። ሮስኮ ቀን ቀን መኪና ያጥብ ነበር፤ ጋራዡ በራፍ ላይ ጨርቅ ሲጨምቅ አገኘሁት። እህታችን አላለኝም። ቀና ብሎ እንዳየኝ አንገቱን ደፋ።

«ሚስ ባስኮም፣ ምን ፈልገው ነው?» አለኝ። ሚስ ባስኮም ብሎኝ፣ እርስዎ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ሌም የት እንዳለ ጠየቅኩት። የዘጠኙን ባቡር አሳልፎ የአስራ አንዱንም ሊያሳልፍ ነበር፣ እኔ ነኝ ሻንጣውን አንስቼ ያሳፈርኩት አለኝ። ሻንጣውን እንዲያመጣለት ረቡዕ በስልክ ነግሮት ኖሯል። ለእኔ ምንም እንዳይለኝም አስጠንቅቆታል፤ ማንም ሳይገፋት በራሷ እግር ትምጣ ብሎ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ» አለ ሮስኮ። «‹ሸክላዋ ደርሳታለች ወይ?› አለኝ። በእጄ ሰጥቻታለሁ፣ ትናንትም ቦርሳዋን መታ አድርጋ ሳቀችልኝ አልኩት። ከዚያ በኋላ ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ዝቅ አደረጋት።»

«አልሰማኋትም ነበር፣ ሮስኮ። ዛሬ ነው የሰማኋት።»

«ከሰኞ ጀምሮ ይዘዋት?»

«ድምፁ እንዳይበላሽ ብዬ ነው። ግልባጭ ልይዝለት።»

ሮስኮ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለው። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ምናለ ተቆጥቶኝ ቢሆን። «ሰው እኮ ነው፣ ሚስ ባስኮም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ለሰው ግልባጭ ምን ያደርግለታል?»

አድራሻውን ለምኜ ወሰድኩ። ያን ዕለት ከሰዓት ወደ ስቱዲዮ ተመልሼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስታወቱ ማዶ፣ እሱ የሚቆምበት ማይክራፎን ፊት ቆምኩ። ካለን ለስላሳ ሸክላ ምርጡን አወጣሁ። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ሕጉ፣ ስለ በቅሎዋ፣ ስለ ስልሳው ጊዜ፣ ስለ ካርዱ። ፈሪ ነበርኩ፣ አሁን ግን በየትኛውም ባቡር እመጣለሁ፣ ባርኔጣህን የምትሰቅልበት ቦታ ባይኖር ጉልበቴ ላይ እይዝልሃለሁ አልኩት። ስድስት ደቂቃ ተናገርኩ። ግልባጭ አልያዝኩለትም፤ ይህቺ እንኳ ቅጣቴ ትሁን ብዬ። ደብዳቤም አልጨመርኩበትም። እሱ በድምፁ ነው የመጣብኝ፣ እኔም በድምፄ ልሂድበት አልኩ፤ እሱ ማንበብ ስለማይችል ባዳ ሰው ጓዳዬን ቆሞ እንዲያነብለትም አልፈለግኩም። ለሸክላው የሚሆን የወረቀት ልብስ ያለን የድርጅቱ ብቻ ነበር። እሱን አልብሼ፣ አሽጌ፣ ወደ ዲትሮይት ላክሁት።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ልብሱ ላይ አከራዩ ሴትዮ በእርሳስ ጽፈውበታል። ሚስተር ጋዲስ ወረቀቱን ፈትተው ወፏን ሲያዩ መልሰው ጠቅልለውታል፤ ከዚያች ወፍ ከእንግዲህ መስማት የምፈልገው ነገር የለም፣ ዘፈኔንም ራሳቸው ያድምጡት ብለዋል፤ አክባሪዎ፣ ይላል።

ሰማያዊዋ ሽመላ። ማንበብ አይችልም፤ ስሜን ብጽፍበትም አያውቀውም፤ የሚያውቀው ሥዕሉን ነው። አባቴ ያሳተመውን የእሱኑ ዘፈን የላከለት መስሎታል። ሦስት ዓመት በሥሯ ያለፈባትን፣ በጓሮው በር ላይ የተሳለችውን ወፍ እኔው ራሴ አልብሼ ላክሁበት።

ሸክላውን ከልብሱ አውጥቼ መስኮት ጋ ሄድኩ። እኛ የሙያው ሰዎች ሳናጫውት እናውቃለን። መርፌ የሄደበት ለስላሳ ሸክላ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ግራጫ መስመር ያሳያል፣ አንዴም ቢሆን። አዘነበልኩት። ከዳር እስከ መሃል ጥቁር፣ አዲስ፣ የሚያበራ ነበር። ፊቴን አየሁበት።

ለምን ተነስተሽ አልሄድሽም ትሉኛላችሁ። ዲትሮይት የግማሽ ቀን መንገድ ነው። መልሱ አያኮራኝም፤ ተናደድኩ። ሳይሰማኝ መለሰኝ፣ ስድስት ደቂቃ እንኳ ነፈገኝ ብዬ አኮረፍኩ፣ እኔ ለአምስት ቀን ሳልሰማው መክረሜን ረስቼ። የባስኮም ልጅ ነኝ፤ ኩራት ሳንለፋ ነው የሚሰጠን። ኩርፊያዬ በመስከረም ሲበርድልኝ ሮስኮን ጠየቅኩት። ሌም ያን ሰሞን የአከራዩን ሴትዮ ልጅ ማግባቱን ነገረኝ። ደህና ሴት ናት አለ፤ ከዚያ ከበሮውን ማጥበቅ ጀመረ። ውጪ ካለው ሙዚቃ ቤት «ባርኔጣዬን» እየተዘፈነ ነበር፤ ያን ዓመት የማይዘፈንበት ቦታ የለም።

አባቴ ሌምን ለዓመታት ፈለገው። ሰው ላከ፣ ራሱም ሁለት ጊዜ ዲትሮይት ድረስ ሄዷል፤ ሌም በር አልከፈተለትም። እርጅና ሲጫነው እጄን ይዞ ያን ሰው በአንደበቴ ገደልኩት፣ በባርኔጣዋ ነገር ነው የሄደው ይለኝ ነበር። የሄደውማ በእኔ ነው፣ አባባ፣ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሕጉን ያስተማረኝ እሱ ነውና ድርሻውን ይሸከም ብዬ ዝም አልኩት፤ እንደዚያው እያለ ሞተ።

የሐሙሱ ካርድ አሁን ሙዚየም ውስጥ ነው፣ መስታወት ውስጥ። ሰዎች ጎንበስ ብለው ያነቡታል፤ ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፎበታል፣ እንዴት ያሉ ጠንቃቃ ሰዎች ነበሩ ይላሉ። ያልተጫወተው ሸክላዬ እኔ ጋ ነው። ቅቡ ሰንጥቆ ረግፏል፣ ከእንግዲህ ማንም አይሰማውም።

የእሱ ድምፅ ያለበት ክር ግን ደህና ነው። የመጀመሪያዋን ሸክላ በአስራ አንድ ጊዜ ጨርሼ አልቅሼላት ነበር፤ አሁን ሳስበው ምሕረት ነበረች። ክሩን ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፣ አንዲት ቃል አልደበዘዘችበትም። ትናንት ከምሳ በኋላም አጫወትኩት። ይሄን ሐሙስ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ትልቁ ሰዓት ሥር እጠብቅሻለሁ አለኝ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።